የኩልመስክ ሹፌር ስንት ጊዜ አሻራ ይስጥ?

ከኩልመስክ በድልብ አድርጎ ወልድያ የሚመላለስ ሹፌር «ከወንጀል ነፃ» ማስረጃ አምጣ ከተባለ ሥራ ፈትቶ አሻራ ሊሰጥ ይሄዳል። መኪናው ቆመ ማለት ደግሞ የእሱም የረዳቱም የዕለት ገቢ ቀረ ማለት ነው። ማጣራቱ አይቅር፤ ሰው ጭኖ ገደል ለገደል የሚነዳ ሰው መጣራት አለበት። ግን ይኸው ሹፌር ፋይዳ ሲያወጣ አሥሩንም ጣቱን፣ የዓይኑን ብሌን ሳይቀር ሰጥቷል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 የወጣው በ2015 ዓ.ም. ነው፤ ባንኮች ደንበኛቸውን በዚሁ ቁጥር ይለያሉ። ፖሊስስ? ባለቤቱ ፈቅዶ ማንነቱ በፋይዳ ከተረጋገጠ፣ የሚቀረው የወንጀል መዝገቡን ማየት ነው። ማመልከቻውን እዚያው ኩልመስክ ተቀብሎ መልሱን በስልክ መላክ ይቻላል። በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አንርሳ፤ ስለዚህ ማኅተም ያለው ወረቀትም አብሮ ይሰጠው፣ ኬላ ላይ ያለው ጠባቂም ይቀበለው።