የግፊት ታማሚ የራሱ ነርስ ይኑረው

የደም ግፊት ታማሚ በየወሩ ለክትትል ቢመጣና በመጣ ቁጥር ከሐኪም ጋር አምስት ደቂቃ ቢቀመጥ፣ ዓመቱን ሙሉ ያገኘው የሐኪም ጊዜ ተደምሮ አንድ ሰዓት ነው። በቀረው ጊዜ ክኒኑን መዋጡና መተዉ፣ ጨው መቀነሱና አለመቀነሱ የራሱ ጉዳይ ይሆናል። ዛሬ ያየው ሐኪምም የዛሬ ወር የሚያየው ላይሆን ይችላል። ስለ ጤና ጣቢያዎቻችን ስንከራከር የምናነሳው የሐኪም ማነስን፣ የመድኃኒት መጥፋትንና የሰልፉን ርዝመት ነው። ሦስቱም እውነተኛ ችግሮች ናቸው። ነገር ግን በ2015 እ.ኤ.አ. የተካሄደው አገር አቀፍ ዳሰሳ ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት ሰዎች 16 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ግፊታቸው ከፍ ያለ መሆኑን፣ አብዛኞቹም መድኃኒት አለመጀመራቸውን አሳይቷል። አንድ የከተማ ጤና ጣቢያ ለ40,000 ሰው ታስቦ በሚሠራበት አገር ይህን ሁሉ ሕዝብ ዕድሜ ልኩን የሚከታተለው ማን ነው? በስሙ የምታውቀው፣ መድኃኒቱን በመመሪያ መሠረት የመጨመርና የመቀነስ ሥልጣን ያላት፣ ሲቀር የምትፈልገው አንዲት ነርስ ልትሆን ይገባል እላለሁ።

ምን ትሠራለች? ከመለካት እንጀምር። ግፊት በትክክል ሲለካ ታማሚው ቢያንስ አምስት ደቂቃ ያርፋል፤ ጀርባውን ደገፍ አድርጎ እግሩን ሳያነባብር ይቀመጣል፤ ክንዱ በልቡ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፤ እየተለካም አያወራም። ከሰልፍ ተጠርቶ እየተቻኮለ የገባ ሰው ላይ፣ ያውም በሹራቡ ላይ ተጠምጥሞ የተወሰደ ቁጥር መድኃኒት ለመጨመር መነሻ ሊሆን አይገባም። ያችው ነርስ የምትከታተለው የስኳር ታማሚ ደግሞ ጫማና ካልሲውን አውልቆ እግሩ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር መታየት አለበት፤ የደነዘዘ እግር ቢቆስልም አያምምምና። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ጥያቄው ነው። በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን ክኒኑን ወይም ኢንሱሊኑን እንዴት እያደረገ እንደሆነ፣ ጸበል ሲገባ መድኃኒቱን አቁሞ እንደሆነ፣ «ተሽሎኛል» ብሎ ትቶት እንደሆነ ሰው የሚናገረው ለሚያውቀውና ለማይቆጣው ነው። ይህን ሳይጠይቁ ቁጥሩ አልወርድ ስላለ ብቻ ሁለተኛ መድኃኒት ማዘዝ ባልተዋጠ ክኒን ላይ ሌላ የማይዋጥ ክኒን መደረብ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ሠርተነው እናውቃለን። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ2005 እ.ኤ.አ. በነፃ መሰጠት ሲጀምር ሥራው በዋናነት የሆስፒታልና የሐኪም ነበር። በዚያው ቢቀጥል ኖሮ መድኃኒቱ ከትልልቅ ከተሞች ብዙም ባልራቀ ነበር። ወደ ጤና ጣቢያ የወረደው ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠልጥነው ሕክምናውን እንዲያስጀምሩና እንዲከታተሉ ሲፈቀድላቸው፣ የከበዳቸውንም ወደ ሐኪም መላክ ሲችሉ ነው። እያንዳንዱ ታማሚ በመዝገብ ተይዞ ነበር፤ በቀጠሮው የቀረውን የሚፈልግ ሰውም ተመድቦ ነበር፤ ከእነዚህ ፈላጊዎችም ብዙዎቹ ራሳቸው ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ነበሩ። እዚያው ጤና ጣቢያ ውስጥ የግፊት ታማሚ ሦስት ወር ቢጠፋ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚደውልለት የለም። ልዩነቱን ያመጣው የበሽታው ክብደት ብቻ አይመስለኝም፤ ለአንዱ ገንዘብና ትኩረት ከውጭ መጥቶለታል፣ ለሌላው አልመጣለትም።

የሌሎች አገሮች ማስረጃም ወደዚሁ ያመለክታል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው የኮክሬን ድርጅት ጥናታዊ ግምገማ በአንደኛ ደረጃ ሕክምና ነርሶች የሐኪምን ቦታ ተክተው የሠሩባቸውን 18 ሙከራዎች መርምሮ፣ የታማሚዎቹ ውጤት ሐኪም ካያቸው ጋር እኩል ወይም የተሻለ ሳይሆን እንዳልቀረ፣ ታማሚዎቹም ይበልጥ እንደረኩ ደምድሟል። ነርሶቹ ከታማሚ ጋር የሚቆዩበት ጊዜ ረዘም ያለ ነበር። መዘንጋት የሌለበት ግን ከአንድ ጥናት በቀር ሁሉም የተካሄዱት በሀብታም አገሮች ነው፤ ያ አንዱ የደቡብ አፍሪካ ነው። እንግሊዝን ብንወስድ፣ በቤተሰብ ሐኪም ክሊኒክ ውስጥ ነርስ የበዛችው ሐኪሞቹ በአንድ ጀምበር ልባቸው ስለተከፈተ አይደለም። በ1966 እ.ኤ.አ. መንግሥት ለረዳት ሠራተኞች ደመወዝ 70 በመቶውን ለመተካት ተስማማ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለስኳር፣ ለግፊትና ለአስም ክትትል ውጤት ክፍያ መጣ፤ ሥራውን በአብዛኛው የተሸከሙት ነርሶች ናቸው። በ2006 እ.ኤ.አ. ተጨማሪ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች አብዛኛውን መድኃኒት በራሳቸው እንዲያዝዙ ተፈቀደ።

ሊነሱ ከሚችሉት ተቃውሞዎች ከሁሉ የሚከብደው የእኛው ነው። ተመርቀው ሥራ ያጡ ሐኪሞች ባሉበት አገር ለምን ነርስ? ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ጤና ጣቢያዎች እነዚህን ሐኪሞች መቅጠር አለባቸው፣ የዚህ ሐሳብ ዓላማም እነሱን በርካሽ መተካት አይደለም። ነገር ግን ሐኪሙ ተቀጥሮ ቀኑን ሙሉ ግፊቱ የተረጋጋ ሰው ክኒን ሲያድስ ቢውል፣ ኩላሊቱ እየደከመ ያለውን፣ በሦስት መድኃኒት ያልወረደለትን፣ ግፊት ያላትን ነፍሰ ጡር መቼ ያያል? በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠለጥኑት የቤተሰብ ሐኪሞችም ይህን ካልሠሩ ልዩ ሙያቸው ምን ሊጠቅም ነው? ነርስ ትሳሳታለች የሚለው ስጋት ደግሞ መልሱ ግልጽ መመሪያና ቅርብ ሐኪም ነው። ነርሶቻችን በተመላላሽ ክፍል እየመረመሩ መድኃኒት ማዘዝ ከጀመሩ ቆይተዋል። አሁን የሚያደርጉትን በሥልጠናና በሕግ ሽፋን ያድርጉት ማለት አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

«ነርሶቹ አሁንም ደክመዋል» የሚለውን ግን በቀላሉ አላልፈውም። በዚያው ደመወዝ ተጨማሪ መዝገብ ማሸከም የትም አያደርስም። ነርሷን በየጥቂት ወሩ ከክትባት ወደ ድንገተኛ፣ ከድንገተኛ ወደ ተመላላሽ ማዟዟር ቢቀጥልም ከላይ ያልኩት ሁሉ ፈራሽ ነው፤ ታማሚው የሚያውቃት ነርስ ቦታዋ ላይ ካልቆየች የምታውቀው ታማሚ አይኖራትም። ስለዚህ ቢያንስ ለሁለት ዓመት አንድ ቦታ መመደብ፣ ለተጨማሪው ኃላፊነትም የደረጃ ዕድገት መስጠት ያስፈልጋል። ገንዘቡ ከየት ይምጣ ከተባለ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አንዱ በር ነው። ዛሬ መድኑ በዋናነት የሚከፍለው ታማሚው መጥቶ ለወሰደው አገልግሎት ነው፤ ለጠፋው ታማሚ የደወለች ነርስ ለጤና ጣቢያዋ ያስገባችው ገቢ የለም። ከክፍያው የተወሰነው በክትትል ላይ ባሉና ግፊታቸው በተስተካከለ ሰዎች ቁጥር ቢታሰብ ስልኩም ሥራ ሆኖ ይቆጠራል። ሪፖርት ማሳመር በሚቀለን አገር ይህ ለሐሰት ቁጥር በር እንደሚከፍት አውቃለሁ፤ ከጤና ጣቢያው ውጭ የሆነ አካል ከመዝገቡ ጥቂት ስሞችን በዕጣ እያወጣ ሰዎቹን በየቤታቸው ሄዶ ግፊታቸውን ይለካ።