92 ያነበበች ልጅ ለምን 100 ትጽፋለች?

አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ስለተቀመጠች ከላይ የሚጫናት አየር ሳሳ ያለ ነው፤ የአየሩ ግፊት ሲቀንስ ውሃው ለመፍላት የሚያስፈልገው ሙቀትም ይቀንሳል። ወደ 300 ሜትር ገደማ ከፍ በተባለ ቁጥር አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። እንጦጦ ጫፍ ላይ የተጣደ ውሃ 90 ሳይሞላ ይንተከተካል፤ መተሐራ የተጣደው ወደ 97 ይጠጋል፤ ከባሕር ወለል በታች ያለው ዳሎል ደግሞ 100ን በጥቂቱ ያልፋል። ይህን ለማየት አንድ ቴርሞሜትር፣ አንድ ድስትና አንድ ምድጃ ይበቃል። እኔ የጠየቅኋቸው የአዲስ አበባ ተማሪዎች ግን ሁሉም 100 ነው ያሉኝ።

ባለፈው ክረምት ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ልጆች የተዘጋጀ የሳይንስና የሒሳብ የተግባር ሥልጠና ሲካሄድ ቁጭ ብዬ ተመልክቻለሁ። ቦታው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ልጆቹ በስድስት ጠረጴዛ ተከፋፍለው በየጠረጴዛው አንድ ቡታጋዝ፣ አንድ ድስት ውሃና አንድ ቴርሞሜትር ተሰጣቸው። ውሃው ፈላ። አንዷ ልጅ እጇን አወጣች።

“ቲቸር፣ ይሄ ተበላሽቷል። ከ92 አልወጣ አለ።”

መምህሩ ሌላ ቀየረላት። ሁለተኛውም እዚያው አካባቢ ቆመ። ልጅቷ ወደ ጎረቤት ጠረጴዛ አየት አደረገችና ደብተሯ ላይ የጻፈችውን 92 በላጲስ አጥፍታ 100 ጻፈች። መምህሩ አጠገቧ ቆሞ ያያት ነበር።

“ለምን አጠፋሽው?”

“መጽሐፉ 100 ነው የሚለው። ፈተና ላይም የሚመጣው እሱ ነው።”

ያቺን ልጅ ሰነፍ የሚል አይኖርም። እንዲያውም ጎበዝ ተማሪ ናት፤ እስካሁን ጎበዝ ያሰኛትም ይኸው ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ትክክለኛ መልስ ማለት መጽሐፉ ላይ ያለው ነው ተብላ ተምራለች። ዓይኗ ያየውና መጽሐፉ የሚለው ሲጋጩ ዓይኗን መክሰስ እንዳለባት ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማራትም፤ ግን ገብቷታል። የሳይንስ ትምህርታችን ትልቁ ሕመም ለእኔ እዚች ላጲስ ላይ ነው ያለው። ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ላቦራቶሪ እጥረት፣ ስለ ኮምፒውተር፣ ስለ ኢንተርኔት ነው። እነዚህ ሁሉ ቢሟሉና ልጁ ያየውን እያጠፋ የተባለውን የሚጽፍ ከሆነ ምን አተረፍን?

መምህሩ ያደረገውን ልንገራችሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሐሳቤ አልወጣም። “100 የሚባለው ባሕር ዳርቻ ነው” ብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊገላግላቸው ይችል ነበር። አላደረገውም። የስድስቱንም ጠረጴዛ ንባብ ሰሌዳ ላይ ጻፈ፦ 92፣ 91.5፣ 93፣ 92፣ 91፣ 92.5። “ስድስት ቴርሞሜትር በአንድ ቀን ተስማምቶ ይበላሻል?” አላቸው። ሳቁ፤ ከዚያ ዝም አሉ። አንዱ ልጅ እሳቱ አንሶ ይሆናል አለ። “ጨምረው እንግዲህ።” ጨመረ፤ ውሃው መንተክተኩን አባሰ እንጂ ቴርሞሜትሩ ንቅንቅ አላለም። ሌላዋ ቁጥሮቹ ለምን ይለያያሉ ብላ ጠየቀች፤ ከጥያቄዋ የሒሳብ ትምህርት ተወለደ። አማካይ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ከዚያ በፊት በቃላቸው ያውቁት ነበር፤ ደምረህ ለብዛቱ አካፍል። ስድስቱን ደምረው 552፣ ለስድስት አካፍለው 92 ሲያገኙ ግን አማካይ ለምን እንደሚያስፈልግ ፊታቸው ላይ ሲበራ አየሁ። የእያንዳንዱ ጠረጴዛ ንባብ ትንሽ ትንሽ ይሳሳታል፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አንዱ የሌላውን ስሕተት ያርመዋል።

በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ፣ አያቱ ከአዋሽ በመጡ ቁጥር “የዚህ አገር ሽምብራ አይበስልም” እያሉ እንደሚያማርሩ ተናገረ። መምህሩ ጠመኔውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። “አያትህ ልክ ናቸው። ለምን ልክ እንደሆኑ ንገሩኝ።” የቀረው ሰዓት በሙሉ በዚህ አለቀ። ስለ አየር ግፊት፣ ስለ ከፍታ፣ ፕሬዠር ኩከር ለምን ቶሎ እንደሚያበስል፣ ሁሉንም ራሳቸው እየተከራከሩ ደረሱበት። አያትየው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚያውቁት ነገር በልጅ ልጃቸው አፍ የፊዚክስ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ።

የተግባር ሥልጠና የምለው እንዲህ ያለውን ነው። ሁሉም እንዲህ አይደለም። በየትምህርት ቤቱ የሳይንስ ቀን ሲከበር ከሸክላ የተሠራ ተራራ አናት ላይ ሶዳና አቼቶ ተደባልቆ አረፋ ሲገነፍል አይታችኋል። ልጁ ነጭ ጋዋን ይለብሳል፣ ከወረቀት የሸመደደውን ያነባል፣ ወላጅ ፎቶ ያነሳል፣ ሁሉም ያጨበጭባል። ልጁ ሶዳውን በእጥፍ ቢጨምረው ምን ይሆን ነበር? ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም አልሞከረውም። ትርኢት ልጆችን ደስ ያሰኛል፤ ደስታቸውን አልጠላም። ሙከራ የሚሆነው ግን ውጤቱን አስቀድሞ የማያውቅ ሰው ሲሠራው ነው። አስቀድሞ የታወቀ መልስ ያለው “ሙከራ” ከሽምደዳ የሚለየው በአረፋው ብቻ ነው።

ይህ በሽታ በቴክኖሎጂ አይድንም፤ ሞክረነዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ተሰቀለ። ሌላ አገር የተቀረጸ ትምህርት በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ነበር፤ ያማሩ ሙከራዎችም ይታዩበት ነበር። ሙከራውን የሚሠራው ግን ስክሪኑ ውስጥ ያለው ሰው ነው። ተማሪው ያያል፤ ሊያስቆመው አይችልም፤ “እስቲ ድገመው” ሊለው አይችልም። ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ የሚለው ቀመርም ለዓመታት ሲሠራበት ቆየ። ብዙ ሺህ ልጆች አንድ ቀን ቴርሞሜትር ሳይዙ የሳይንስ ተማሪ ተባሉ። ከዚያ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መጣና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። አገር ደነገጠ። የውድቀቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉንም በሙከራ እጦት ላይ አልጭነውም። ነገር ግን ሸምድዶ ማለፍም ያቃተው ትውልድ እያየን ተጨማሪ ሽምደዳ ማዘዝ መፍትሔ አይሆንም።

መልካም ጅምሮች አሉ፤ መካድ ነውር ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች የተቋቋሙ የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ) ማዕከላት ለአካባቢያቸው ተማሪዎች በር ከፍተዋል። አዲስ አበባም በ2015 ዓ.ም. የሳይንስ ሙዚየም አግኝታለች። ችግሩ እነዚህ የሚደርሱት ለጥቂት ልጆች መሆኑ ነው፤ በግል የሚዘጋጁት የሮቦቲክስና የኮዲንግ ሥልጠናዎች ደግሞ የሚደርሱት መክፈል ለሚችል ወላጅ ልጅ ነው። ስለዚህ ዓይኔ የሚያርፈው ተራው ትምህርት ቤት ላይ ነው። እዚያ ያለውን እንቅፋት ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ነገሩ ከገንዘብ ይልቅ ከቁልፍና ከፊርማ ጋር እንደተያያዘ ያስተውላል።

ብዙ ትምህርት ቤቶች ላቦራቶሪ የሚባል ክፍል አላቸው። ክፍሉ ተቆልፏል። ውስጡ ቢከር፣ የሙከራ ቱቦ፣ አንዳንዴም ከነካርቶኑ የተቀመጠ ማይክሮስኮፕ አለ። መምህሩ ለምን አያወጣቸውም? ዕቃውን ከንብረት ክፍል የሚያወጣው ሞዴል 22 በሚባለው የንብረት ማውጫ ቅጽ ላይ ፈርሞ ስለሆነ ነው። ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል ቢከር አይሰበርም ብሎ የሚምል መምህር የለም፤ ሲሰበር ደግሞ ተጠያቂው የፈረመው ነው። በዚህ ደመወዝ ላይ የብርጭቆ ዕዳ ማን ይፈልጋል? ስለዚህ መምህሩ ሙከራውን ሰሌዳ ላይ ይሥላል፤ ልጆቹ ሥዕሉን ይገለብጣሉ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ቆጠራ ይደረጋል፤ አንድም ዕቃ አልጎደለም ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። እኔ ብሆን ምንም ያልተሰበረበትን ላቦራቶሪ ነበር የምጠይቀው።

የሚያስፈልገው አዋጅ አይደለም። የመስታወት ዕቃ እንደ ጠመኔና እንደ ወረቀት አላቂ ተብሎ ይመዝገብ። በሥራ ላይ የተሰበረ ዕቃ በርዕሰ መምህሩ ፊርማ ይሰረዝ። ይህ ብቻ ቢደረግ ነገ ጠዋት የሚከፈቱ በሮች አሉ።

ፈተናውም አለ። ምርጫ በመክበብ የሚመለስ ፈተና እስካለ ድረስ “100” የምትለዋ ፊደል ትከበባለች፤ ወላጅም መምህርም የሚፈሩት ይህንን ነው። ሆኖም ምርጫም ቢሆን በአግባቡ ሊጠየቅበት ይቻላል። የስድስት ጠረጴዛ ንባብ በሰንጠረዥ ይሰጥና “እነዚህ ተማሪዎች የሚገኙት ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር አካባቢ ነው?” ይባል። ሸምድዶ የመጣ ይህን አይመልስም፤ ለክቶ የሚያውቅ ይመልሳል። ከተከታታይ ምዘናው ነጥብም ጥቂቱ ተማሪው ራሱ ለለካው ነገር ይመደብ፤ ነጥቡም የሚሰጠው መልሱ ከመጽሐፉ ጋር ስለገጠመ ሳይሆን እንዴት እንደለካ በትክክል ስለጻፈ ይሁን።

ምንም ገንዘብ የለንም ለሚሉ ትምህርት ቤቶች ደግሞ አንድ ዘንግ የሚበቃው ሙከራ አለ። በየዓመቱ ሚያዝያ 5 አካባቢ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በአዲስ አበባ አናት ላይ ትቆማለች። ቀጥ ተደርጎ የተተከለ ዘንግ ያን ጊዜ ጥላ አይኖረውም። ሰዓቱ ልክ 6 አይደለም፤ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ገደማ ነው፤ የግድግዳ ሰዓታችን የተሞላው ከእኛ በስተምሥራቅ ባለ መሥመር ስለሆነ ፀሐይ ትንሽ ትዘገያለች። በዚያው ቀን መቀሌ የተተከለ የአንድ ሜትር ዘንግ ወደ ሰሜን የሚያመለክት 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥላ ይኖረዋል። ሐዋሳ የተተከለው ደግሞ ከ3 ሳንቲ ሜትር በጥቂቱ የሚበልጥ ጥላ ይጥላል፤ የእሱ ግን ወደ ደቡብ ነው። የአንድ አገር ልጆች፣ አንድ ቀን፣ አንዱ ጥላ ወደ ሰሜን፣ አንዱ ወደ ደቡብ፣ አንዱ ጭራሽ የለም።

የመቀሌው ጥላ በማዕዘን ሲሰላ 4.5 ዲግሪ ያህል ነው። 4.5 የ360 ሰማንያኛ እጅ ነው። አዲስ አበባና መቀሌ በቀጥታ መሥመር 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ 500 በ80 ሲባዛ 40,000 ኪሎ ሜትር ይመጣል፤ የምድር ዙሪያ ልክ። የጥንቱ የግሪክ ሊቅ ኤራቶስቴኒስ ከዛሬ 2,200 ዓመት በፊት ግብፅ ውስጥ በአስዋንና በእስክንድርያ መካከል ያደረገው ይህንኑ ነው። የእኛ ልጆች ሁለት ዘንግ፣ አንድ ማስመሪያና አንድ የስልክ ጥሪ ካላቸው ሊደግሙት ይችላሉ። መንገዱ ላይ የሚገጥማቸው ችግር ሁሉ ትምህርት ነው። በአውቶቡስ መንገድ የተለካውን ርቀት የተጠቀመ ቡድን ምድርን አላግባብ ያገዝፋታል፤ ለምን እንደገዘፈች ራሱ ሲደርስበት ስለ ቀጥታ መሥመር የሚማረውን ማንም አይነጥቀውም። ዘንጉ አለማጋደሉን በክርና በድንጋይ ቱምቢ ሠርቶ ያረጋግጣል። ጥላው ከሁሉ የሚያጥርበትን ሰዓት ለማግኘት በየአምስት ደቂቃው ምልክት ያደርጋል።

ቀኑ አንዳንድ ዓመት ከፋሲካ ጋር ይገጥምና ትምህርት ቤት ይዘጋል። ይሁን፤ ዘንግ ቤትም ይተከላል፤ ታላላቅ ወንድሞችና እኅቶች፣ አክስትና አጎት በተሰበሰቡበት ግቢ ውስጥ ሲሆን ያምራል። ሁለተኛው ዕድል ነሐሴ 23 አካባቢ ነው፤ ደመናው ከፈቀደ።

ስለዚህ የዘንድሮ የሳይንስ ክበብ ተጠሪ ለሆናችሁ መምህራን አንድ ልመና አለኝ። መቀሌ፣ አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ካላችሁ ከሌላው ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ከአሁኑ ፈልጉና ስልክ ተለዋወጡ። ባሕር ዳርም፣ አርባ ምንጭም፣ ደሴም ያላችሁ ግቡበት፤ በመካከላችሁ ያለው ርቀት ከሰሜን ወደ ደቡብ እስከተለካ ድረስ ስሌቱ ለማንም ይሠራል። ውጤቱን ስትለዋወጡ ግን የልጆቹን ቁጥር አታስተካክሉባቸው። 38,000 ያገኘ ቡድን 38,000 ብሎ ይላክ፤ 43,000 ያገኘም እንዲሁ፤ ከጎኑ እንዴት እንደለካና የት ሊሳሳት እንደሚችል በራሱ እጅ ጽሑፍ ያያይዝበት።