ጃፓንኛን ከፍሎ መማር ወይስ ራስን ማስተማር?

ወደ ጃፓን ለትምህርት ለመሄድ የሚያስቡ ወንድሞችና እኅቶች ከአገር ቤት ደጋግመው የሚጠይቁን አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ቋንቋውን በክፍያ እንማረው ወይስ በራሳችን ጥናት እንያዘው የሚል ነው። ነገሩ ቀላል የምርጫ ጉዳይ አይደለም። በጃፓን የቋንቋ ትምህርት ቤት የአንድ ዓመት ክፍያ ብዙውን ጊዜ ከ700,000 የን በላይ ነው። በተማሪ ቪዛ የገባ ሰው ፈቃድ ሲያገኝ በትምህርት ወራት በሳምንት ከ28 ሰዓት በላይ መሥራት አይችልም። ሌሊቱን በሱቅ ዕቃ ሲደረድር አድሮ ጧት በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ተማሪ፣ ወላጆቹ ከጉሮሮአቸው ቀንሰው የላኩለትን ገንዘብ ለእንቅልፍ ከፈለው ማለት ነው።

በእኛ አስተያየት ፊደሉንና የሰዋስዉን መሠረት በገንዘብ መግዛት ብክነት ነው። (ትምህርት ቤቱ የቪዛ መንገድ የሆነለት ሰው ጉዳይ ሌላ ነው።) ሂራጋናና ካታካና መሠረታዊ ምልክቶቻቸው 46፣ 46 ናቸው፤ ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ እያለ መቁጠር ደግሞ ሀሁ ለቈጠረ ሕፃን እንግዳ ነገር አይደለም። የሚያሳዝነው፣ የምንማርባቸው መጻሕፍት አብዛኛዎቹ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የተጻፉ በመሆናቸው፣ ግስ በመጨረሻ መምጣቱን እንደ ተአምር እያስረዱ ገጽ ይፈጃሉ። ጃፓናዊው «ዋታሺ ዋ ፓን ኦ ታቤማሱ» ሲል «እኔ ዳቦን እበላለሁ» ማለቱ ነው፤ «ኦ» የምትለውም የእኛዋ «ን» ናት። ይህን ለማወቅ ምን አስከፋይ አለው?

ዳሩ ግን ራሱን ያስተማረ ሁሉ ተናጋሪ አይሆንም። በሐምሌና በታኅሣሥ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና የሚመዝነው ማንበብንና ማዳመጥን እንጂ መናገርን አይደለም። ስለዚህ ከፍተኛውን ደረጃ አልፎ በመምህሩ ፊት አፉ የሚተሳሰር ይኖራል። «ኦጂሳን» አጎት ነው፤ «ጂ» ሲረዝም ግን አያት ይሆናል። መጥበቅና መላላትን የሚለይ ጆሮአችን ይህን የአናባቢ ርዝመት ብቻውን አይለይም። ከሁሉ የሚከብደው የአክብሮት አነጋገር ነው። እኛ በሌለበትም አለቃችንን አንቱ እንላለን፤ ጃፓናዊ ግን ለውጭ ሰው ሲናገር የገዛ አለቃውን ያለ አክብሮት ቃል ይጠራዋል፤ የራስ ወገን ዝቅ ይላልና። አንቱታን እናውቃለን ብሎ የተማመነ ሐበሻ እዚህ ላይ ይሰናከላል፤ መጽሐፍም አያርመውም። ገንዘብ ሊወጣ የሚገባው ለዚህ ለሚያርመን ሰው ነው።

ለዚህም የዓመት ክፍያ አያስፈልግም። አራት አምስት ሆኖ አንድ አስተማሪ ለሳምንት ሁለት ሰዓት መቅጠር ይቻላል። በብዙ የጃፓን ከተሞች ደግሞ በጎ ፈቃደኞች በነፃ ወይም በጥቂት የን የሚያስተምሩባቸው ክፍሎች አሉ። ካንጂው ግን የብቻ ትግል ነው፤ መንግሥት ለዕለት ተዕለት አገልግሎት የዘረዘራቸው 2,136 ምልክቶች በማንም ገንዘብ ወደ ራስ አይገቡም፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መጻፍ ነው።

የጐደለን ከአማርኛ ተነሥቶ ጃፓንኛን የሚያስተምር መጽሐፍ ነው። በጃፓን የምንገኝ ተማሪዎች እያንዳንዳችን አንድ ምዕራፍ ብንጽፍ ከአገር ቤት ለሚነሣው የመጀመሪያውን ዓመት ክፍያ ልናስቀርለት እንችላለን። ምዕራፍ ለመውሰድ የሚፈቅድ ሁሉ ለዚህ መጽሔት ይጻፍ፤ ስለ «ዋ» እና ስለ «ጋ» ልዩነት የሚጽፍ በተለይ እንፈልጋለን።