በደጅ ያለውን ታላቅ ነገር ስለ ማወቅ

ከመንገድ የተመለሰን ሰው ቤተ ዘመዱና ጎረቤቱ ከብቦ አስቀድሞ የሚጠይቀው ነገር፥ «በሄድህበት አገር ከሁሉ ይልቅ የሚደነቅ ምን አየህ?» ማለት ነው። መንገደኛውም እንደ ሄደበት አገር ይመልሳል። ወደ ምስር የወረደ የፈርዖኖችን ፒራሚድ፥ ወደ ሮማ የዘለቀ የቅዱስ ጴጥሮስን ቤተ ክርስቲያን ጕልላት፥ ወደ ፓሪስ የሄደ ከ300 ሜትር በላይ ወደ ሰማይ የወጣውን የኤፌልን የብረት ግንብ ያወራል። በአገሩ ውስጥ የተዘዋወረውም የአክሱምን ሐውልት፥ የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፥ የጎንደርን ግንብ እየጠራ ያመሰግናል። ሰው በእጁ ሠርቶት ለብዙ ዘመን የቆመውን ነገር ማድነቅ የተገባ ነው እንጂ የሚነቀፍ አይደለም።

ነገር ግን አድናቆት በቁመትና በስፋት ብቻ የተለካ እንደ ሆነ፥ ታላቅነቱ በዓይን የማይታይ ነገር ሳይጠየቅና ሳይነገር ይቀራል። እንዲህ ያለው ነገር ደግሞ የሚታወቀው በሚያውቀው ሰው አፍ ስለ ሆነ፥ የሚያውቀው ሰው ባለፈ ጊዜ አብሮት ያልፋል። ግንብ ቢፈርስ ፍርስራሹ ይመሰክራል፤ ዕውቀት ሲጠፋ ግን የጠፋበት ስፍራ እንኳ አይታወቅም።

ለዚህ ነገር የምዕራብ ጐጃም አገር በቂ ምስክር ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ ደንበጫን፥ ጅጋን፥ ፍኖተ ሰላምን፥ ማንኩሳንና ቡሬን በየተራ ያልፋል። የጤፉንና የበቆሎውን እርሻ በመስኮት እያየ «አገሩ ለም ነው» ይላል፤ በአንዱ ከተማ ምሳውን ይበላል፥ በሌላው ቡናውን ይጠጣል፤ ከዚያም ወደ ጣና ገዳማትና ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ይቸኵላል። ከነዚህ ካለፋቸው ስፍራዎች አንዳንዶቹ፥ ሌላውም ከአውራ ጎዳናው ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ያለው፥ ስማቸው በዓለም ታሪክ የተጻፈ መሆኑን የሚነግረው ሰው አላገኘም፤ እርሱም አልጠየቀም።

ከሁሉ የሚበልጠው በሰከላ ወረዳ በግሽ ተራራ ግርጌ የሚገኘው የዓባይ ምንጭ ነው። ከቡሬ አልፎ ትልል ከተማ ላይ ከአውራ ጎዳናው ታጥፎ ወደ ሰከላ የሄደ ሰው፥ የሚሻው ለዓይን የገዘፈ ነገር ቢሆን አንዳች አያገኝም። የሚያየው ረግረጋማ መስክና ከመሬት የሚወጣ ጥቂት ውኃ፥ በአጠገቡም ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህ ጥቂት ውኃ ግን ግልገል ዓባይ ተብሎ ወደ ሰሜን ይወርድና ጣና ይገባል፤ ከጣናም በባሕር ዳር ወጥቶ፥ በጢስ ዓባይ ገደሉን ዘልሎ፥ ጐጃምን በምሥራቅና በደቡብ ይከባል። ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ የሚሻገረው ታላቅ ወንዝ ይኸው ነው። እንግዲህ በቡሬ ገበያ የቆመ ሰው፥ የወንዙ ልደት በስተ ሰሜኑ፥ የወንዙ ጕልምስና በስተ ደቡቡ ሆኖ፥ በመካከል ቆሟል ማለት ነው። ወንዙም ከዚያ ወርዶ በጉባ ታላቁን የሕዳሴ ግድብ ይሞላል። የዚህ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተቀምጦ፥ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ኀይሉም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። የዚህ ሁሉ መነሻ አንድ ሕፃን ዘልሎ የሚሻገረው ውኃ መሆኑን ያሰበ ሰው፥ ከኤፌል ግንብ ይልቅ በሰከላ መስክ ቢደነቅ አይፈረድበትም።

የውጭ አገር ሰዎች ይህን ስፍራ ለማየት ብዙ ደክመዋል። የእስጳንያው ተወላጅ ፔድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋራ ሆኖ በ1610 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1618) ከምንጩ ደርሶ፥ ቂሮስና እስክንድር፥ ዩልዮስ ቄሣርም ሊያዩት የተመኙትን ነገር በማየቱ ደስ እንዳለው ጻፈ። በሃይማኖት ነገር በዚያ ዘመን የሆነው ጠብ ሌላ ታሪክ ነው። ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ የስኮትላንዱ ጀምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. (በ1770) መጣ፤ ከምንጩም ውኃ ቀድቶ ስለ ንጉሡ ስለ ጆርጅ 3ኛ ጤና ጠጣ። ወደ አገሩም ተመልሶ ባሳተመው መጽሐፍ፥ ፓኤዝ ስፍራውን አላየም፤ ያየሁት እኔ ነኝ ብሎ ተከራከረ። ኋላም በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን የጣናን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ መርምሮ መጽሐፉን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1936 አወጣ። የነዚህን ሰዎች ትጋት ማመስገን ይገባል። ሆኖም «ቀድሞ ያየው ማን ነው?» ተብሎ ክርክር የተነሣበት ምንጭ ለሰከላ እረኛ ያልተሰወረ፥ ለደብሩም ካህን የዕለት ጸሎቱ ስፍራ ነበረ።

የአገሩ ሰው ስለ ምንጩ ያለው ዕውቀት ከባሕር ማዶ ሰዎች ዕውቀት የሚያንስ አይደለም። ሊቃውንት ዓባይን ከኦሪት ዘፍጥረት አራት ወንዞች አንዱ የሆነው ግዮን ነው ብለው ይተረጕማሉ። አቡነ ዘርዓ ብሩክም ወታደሮች ሊወስዷቸው በመጡ ጊዜ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጥተው፥ ከእስራት ሲመለሱ ውኃ ሳይነካቸው እንደ ተቀበሏቸው ይነገራል፤ ስለዚህም ጥር 13 ቀን በዓላቸው ሲከበር ብዙ ተሳላሚ ወደ ግሽ ይወጣል። ወንዝ መጽሐፍን ከነቀለሙ ጠብቆ መለሰ የሚል ነገር ሲነገር የሚኖር ሕዝብ፥ የአደራን ትርጕም የሚያስተምረው ሌላ አይሻም። የሚያሳዝነው ግን ይህ ሁሉ ከደብሩ ቅጽርና ከሽማግሎች አንደበት ወጥቶ ለመንገደኛው፥ ይልቁንም ለአገሩ ተማሪ ልጅ ያለ መድረሱ ነው። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የተባለው ምሳሌ በዕውቀትም ይሠራል።

ሁለተኛው ስፍራ ቡሬ ነው። ጠላት አገራችንን በያዘበት ዘመን በቡሬ ጠንካራ ምሽግ ነበረው። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህን የመሳሰሉ አርበኞች በጐጃም ሲዋጉ ቆይተው፥ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። የጌዴዎን ጦር የተባለው፥ በዊንጌት የሚመራው ኢትዮጵያውያንና ሱዳናውያን ያሉበት ሠራዊት፥ በቍጥር እጅግ የሚበልጠውን የጠላት ጦር በቡሬ አስጨነቀው፤ ጠላትም የካቲት 25 ቀን ምሽጉን ለቆ ሸሸ። በሁለተኛው ቀን የኢትዮጵያ ሁለተኛ ሻለቃ ወደ ደንበጫ በሚወስደው መንገድ ከሸሸው ጦር ጋራ ተገናኝቶ ብርቱ ውጊያ አደረገ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ፥ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ስለዚህ ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው መንገድ ለጭነት መኪና ብቻ የተሠራ መንገድ ሳይሆን፥ ነፃነት የተመለሰበት መንገድ ነው።

ሦስተኛው ምስክር ድንጋይም ውኃም አይደለም፤ ስም ነው። ቀድሞ ወጀት ይባል የነበረው ከተማ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ፍኖተ ሰላም ተባለ። ግእዝ ለተማረ ሰው ትርጕሙ ግልጽ ነው፤ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ስም ግን ለተሸከመው ሰው ዕዳ ጭምር ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ይህ መንገድ ብዙ ጊዜ ለነጋዴና ለተሳላሚ አስጨናቂ ሆኗል፤ ራስዋ ፍኖተ ሰላምም በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ለሞቱ ልጆችዋ አልቅሳለች። ከተማይቱ ስሟን የምትመስለው፥ መንገደኛ ሳይፈራ ገብቶ ሳይፈራ የሚወጣባት በሆነች ጊዜ ነው። ስለ ታላላቅ ስፍራዎች መጐብኘት የሚናገር ሰው ይህን ቢዘለው ንግግሩ ከንቱ ይሆናል፤ ሰላም ከሌለ የሚጠይቅ መንገደኛም የሚመልስ ባለአገርም አይኖርምና።

አንዳንድ ሰው፥ ሕዝቡ መንገድና ወፍጮ፥ ማዳበሪያና መድኃኒት ሲሻ ስለ ምንጭና ስለ ጦር ሜዳ መነጋገር ምን ይጠቅማል ይል ይሆናል። ነገሩ እውነትነት አለው፤ የተራበ ሰው ታሪክ አይጠግብም። ነገር ግን የሚታሰበው ሥራ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም፤ ከእንጀራውም የተለየ አይደለም። የግልገል ዓባይ ውኃ በየክረምቱ ብዙ አፈር ተሸክሞ ጣና ይገባል፤ ያ አፈር የገበሬው እርሻ ነው። ከምንጩ በላይ ያለው ተዳፋት በአገር በቀል ዛፍ ቢሸፈንና ከብት ቢከለከልበት፥ ምንጩም ይጠበቃል፥ እርሻውም ይድናል። በጐጃም ደጋ የጥንቱ ደን ተርፎ የሚታየው አብዛኛውን በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ስለ ሆነ፥ ይህን ሥራ ለማስተማር ከካህናት የሚበልጥ መምህር አይገኝም።

ሌላውም፥ እንግዳ ሲበዛ የተቀደሰው ስፍራ ይደፈራል ብሎ ይሠጋል። ይህም ሥጋት ቀላል አይደለም። መፍትሔው ግን በሩን መዝጋት ሳይሆን ሥርዓቱን ማስታወቅ ነው። ወደ ጠበሉ በጾም መቅረብ እንደሚገባ፥ የት እንደሚቆምና የት እንደማይረገጥ፥ ደብሩ ሥርዓቱን ይጻፍ፤ የወረዳው ሹም ያስከብር። እንግዳ የሚደፍረው ያልተነገረውን ነው፤ የተነገረውን ግን አብዛኛው ሰው ያከብራል።

ስለዚህ በሹማምንትና በካህናት ፊት ያለው ሥራ የታወቀ ነው። ሹማምንት የቡሬ ውጊያና የመንገዱ ታሪክ ከነቀኑ በድንጋይ ተቀርጾ በአውራ ጎዳናው ዳር እንዲቆም፥ በየትምህርት ቤቱም እንዲነገር ያድርጉ። ካህናትና መምህራን በየደብሩ ያሉ ሽማግሎች የሚያውቁትን፥ ከመሞታቸው በፊት፥ በስምና በዘመን ለይተው ይጻፉ፤ ዜናውን ከጽሑፉ፥ ትውፊቱን ከታሪኩ እየለዩ ቢያስቀምጡት ለሚመጣው ትውልድ የታመነ ይሆናል። ይህ ሥራ ከውጭ አገር ሊቅ የሚጠበቅ አይደለም። ፓኤዝና ብሩስ የሰከላን ምንጭ ቢጽፉት ስለ ራሳቸው ድካም ጽፈውታል፤ የአገሩን ሰው ነገር አሟልቶ ሊጽፍ የሚችል የአገሩ ሰው ነው።

ይህ በተፈጸመ ጊዜ ከሩቅ የመጣ እንግዳ በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም መኪናውን አቁሞ ለአንድ ሕፃን፥ «በአገራችሁ የሚደነቅ ምን አለ?» ቢለው፥ ሕፃኑ አፍሮ አንገቱን አይደፋም፤ ወደ ሌላ አገርም አያመለክትም። በጣቱ ወደ ሰከላ ተራራ እያሳየ፥ ዓባይ የሚወለደው በዚያ ነው፤ ነፃነትም የተመለሰው አንተ በመጣህበት በዚህ መንገድ ነው ብሎ ይመልስለታል። እንግዳውም ወደ ቤቱ ተመልሶ ቤተ ዘመዱ ሲጠይቀው፥ ስለ ምንጩ ብቻ ሳይሆን የአገሩን ነገር ስለሚያውቀው ሕፃን ጭምር ያወራል።