ወረንጦና የዓይን ጠብታ

እኛ ከተሜዎች ዓይናችን ሲቆጠቁጠን ምክንያት አናጣም። «ሞባይል ነው!» ብለን እንገላገላለን። ብዙ ጊዜ እውነትም ነው። ስክሪን ላይ ስናፈጥ ዓይናችንን ማርገብገብ እንቀንሳለን፤ እንባውም ቶሎ ይተናል። መላውም ቀላል ነው፦ በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ያህል ራቅ አድርጎ ማየት፣ ሆን ብሎ ማርገብገብ፣ ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በተጨፈነ ዓይን ላይ ማድረግ፣ ካልሆነም ሰው ሠራሽ እንባ።

እስቲ ይህንኑ ምክር ይዘን ወረታ እንሂድ። በፎገራ ሜዳ ሩዝ ሲወቃ አቧራው፣ ቤት ሲገባ የማገዶው ጭስ… ዓይን ቢቆጠቁጥ ማን ይገረማል? ችግሩ እዚህ ላይ ነው። «አቧራ ነው» ብለን ካለፍን ትራኮማንም አብረን እናልፈዋለን። የአማራ ክልል በዓለም ላይ በትራኮማ ክፉኛ ከተጎዱ አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ደቡብ ጎንደርም የዚያው አካል ነው። ባክቴሪያው በልጅነት ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብን ከውስጥ ያጠባስሰዋል። ከዓመታት በኋላ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ብሌኑን ይቧጭረዋል። ጠባሳው ዓይንን የሚያረጥቡትን ሕዋሳት ጭምር ስለሚጎዳ ዓይኑ የእውነት ይደርቃል። ከወንዱ ይልቅ የምትጎዳው ሴቷ ናት፤ ሕፃን አቃፊዋ እሷ ናትና። ሕመሙ ሲብስባት ወረንጦ ታነሳና ሽፋሽፍቷን ትነቅላለች። የተነቀለው ግን አጥሮና ጠንክሮ ተመልሶ ይበቅላል።

ለዚህች ሴት ቆቧን ሳያዩ ጠብታ መሸጥ ሕክምና አይደለም ባይ ነኝ። ይባስ ብሎ ጠብታው ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ፣ መቅላቱን ያጠፋላትና ውስጥ ውስጡን የዓይን ግፊቷን ሊጨምር፣ ብርሃኗንም ሊያሳጣት ይችላል።

ምንም አልተሠራም አልልም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2008 በክልሉ የተጀመረው የማልትራ ሳምንት ወባንና ትራኮማን አንድ ላይ ይዞ ዚትሮማክስን በዘመቻ አድሏል። ግን ኪኒን ባክቴሪያውን ይገድል እንደሆን እንጂ የታጠፈ ሽፋሽፍት አያቃናም። እሱን የሚያቃናው አካባቢውን አደንዝዞ የሚሠራ አጭር ቀዶ ጥገና ነው፤ የሠለጠኑ ነርሶችም ይሠሩታል። ፊት መታጠቢያ ውሃና ሽንት ቤት ከሌለ ደግሞ በሽታው ተመልሶ ይመጣል።

ስለዚህ ለበዓል አገር ቤት ስትወርዱ ከጫማና ከስኳሩ ጋር ጠብታ ገዝታችሁ አትሂዱ። የእማማን ዓይን ቀረብ ብላችሁ እዩ። ብርሃን ትሸሻለች? ወረንጦ አላት? እንግዲያው በዓሉ ሳያልፍ ጤና ጣቢያ አድርሷት።