«እምዬ፣ ጩኸት አይደለም»

የዛሬው ጽሑፌ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። ስለ ክትባትና ስለ ደም ግፊት የምትጽፍላችሁ ጡረተኛ ነርስ ዛሬ ስለ አንድ የሄቪ ሜታል አልበም ልታወራ ነው። ልጆቼ ሲሰሙ ሳቁብኝ። የዕድሬ ሴቶች ገና አልሰሙም፤ ይህን ሲያነቡ ምን እንደሚሉኝ እንጃ።

ነገሩ የጀመረው በጆሮ ነው። የልጅ ልጄ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ማታ ማታ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያጠናል። አንድ ምሽት በአጠገቡ ሳልፍ ከማዳመጫው የሚወጣው ድምፅ እኔ ድረስ መጣ። ከበሮው የእህል ወፍጮ ነው የሚመስለው። «አንተ ልጅ፣ ጆሮህን ልታደነቁረው ነው?» ብዬ ነቀልኩበት።

እዚህ ላይ ሙያዬ ዝም አያሰኘኝም። በውስጠኛው ጆሯችን ድምፅ የሚቀበሉት ጥቃቅን ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው 80 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት፣ ለልጆች ደግሞ 75 ዴሲቤል ለዚያው ያህል ሰዓት ይፈቅዳል። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 83 ላይ 20 ሰዓት ብቻ ይቀራል ማለት ነው። መለኪያው በየቤታችን እንደሌለ አውቃለሁ። ልጁ እያዳመጠ ሳለ አጠገቡ ቆማችሁ በተለመደ ድምፅ ጥሩት። ካልሰማችሁ በዝቷል። ማዳመጫውን ካወጣ በኋላ ጆሮዬ ይጮሃል ካለ ደግሞ አትናቁት።

ልጁ አልተቆጣም። ድምፁን ቀነሰና «እምዬ፣ ጩኸት አይደለም፤ አንዴ ብቻ ስሚው» አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። እውነቱን ለመናገር እሺ ያልኩት ሰምቼ ልረታው ነበር። አንድ ፀጉሩን ያንጨባረረ ጎረምሳ ሲያገሳ ልሰማ ተዘጋጅቼ ቁጭ አልኩ።

የሰማሁት ግን የሴት ድምፅ ነው። ያውም ቲያትር ቤት ውስጥ ያለ ማይክሮፎን የሚዘፍኑት ዓይነት፣ ከሆድ የሚወጣ ሙሉ ድምፅ። ከሥሯ ጊታሩና ከበሮው ይንጎዳጎዳል፤ ከኋላዋ ቫዮሊኑ፣ መለከቱና የመዘምራን ድምፅ ይነሣል። እንዲህ ያለውን ሲምፎኒክ ሜታል ይሉታል አለኝ። አልበሙ «ዋንስ» ይባላል፤ ቡድኑ ደግሞ ናይትዊሽ። ከፊንላንድ ናቸው። አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ በእኛ 1996 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል መሆኑ ነው። ልጁ ያኔ ገና አልተወለደም።

ከዚያ ወዲህ አልበሙን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ወጥ ስሠራ እሰማዋለሁ፤ ጎመን ስከትፍ እሰማዋለሁ። ስለዚህ አሁን የምጽፈው እንደ ወዳጅ ነው።

ቡድኑ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1996 ኪቴ በምትባል፣ በምሥራቅ ፊንላንድ ባለች ትንሽ የገጠር ከተማ ነው። ዜማውንና ግጥሙን በአብዛኛው የሚደርሰው ቱኦማስ ሆሎፓይነን የሚባለው የኪቦርድ ተጫዋች ነው። ሐሳቡ የመጣለት ማታ እሳት ዳር ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ሳለ ነው ይባላል፤ መጀመሪያ ያሰበው ለስለስ ያለ የጊታር ሙዚቃ ነበር። ዘፋኟ ታርያ ቱሩነን የዚያው አገር ልጅ ናት፤ በክላሲካል አዘፋፈን ሠልጥና ጀርመን አገር ካርልስሩኸም ተምራለች። ድምፅዋ ለለስላሳው ጊታር በዝቶ ቢገኝ ሙዚቃውን ከበድ አደረጉላት። ይህ ደስ ይለኛል። ልጅቷን ዝቅ በይ ከማለት ቤቱን ሰፋ ማድረግ።

«ዋንስ» አምስተኛ አልበማቸው ነው። እስከዚያ ድረስ ኦርኬስትራውን በአብዛኛው በኪቦርድ ነበር የሚያስመስሉት። ለዚህኛው ግን ለንደን ሄደው በእውነተኛ ኦርኬስትራና በመዘምራን ቡድን ቀረጹት፤ ያቀናበረላቸው ፒፕ ዊሊያምስ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ልዩነቱ ለእኔ እንኳ ይሰማኛል። በርበሬውን ራስሽ ደልዘሽ በሠራሽው ወጥና ከሱቅ በተገዛው መካከል ያለውን ልዩነት የምታውቅ ሴት ይገባታል።

ሁሉም ዘፈን ለሁሉም ልጅ ነው አልልም። ስለ መልአክ የሚያወራ የሚመስለው አንዱ ዘፈን በእርግጥ የጭፈራ ቤት ምኞት ነው፤ ለአሥር ዓመት ልጅ አልከፍተውም። ሌላው «ፕላኔት ሄል» ይላል። ርእሱን ሳየው አማተብኩ። ከልጁ ጋር ቁጭ ብለን ቃሉን በመዝገበ ቃላት ስንፈታው ግን ስለ ጠፋች ዓለምና ለሕይወታቸው ስለሚታገሉ ሕፃናት ሆኖ አገኘሁት። በየቤቱ «የሰይጣን ሙዚቃ ነው» ብላችሁ ስልክ የምትነጥቁ ወላጆች አላችሁ፤ እኔም ከእናንተው አንዷ ነበርኩ። ከመንጠቃችሁ በፊት ልጁ ይተርጉምላችሁ። እግረ መንገዱን እንግሊዝኛውም ይሻሻላል።

ከሁሉ ቶሎ የወደድኩት «ክሪክ ሜሪስ ብለድ» የሚለውን ነው። ከስምንት ደቂቃ በላይ ይሄዳል። ጆን ቱ ሆክስ የሚባል አሜሪካዊ የቀደምት ሕዝቦች ዋሽንት ይነፋበታል፤ መጨረሻ ላይ በላኮታ ቋንቋ ይናገራል። መሬታቸውን ስለተነጠቁ ሰዎች ነው። ዋሽንቱ ሲገባ ልጅነቴን፣ የአጎቴን ከብቶችና የእረኛውን ዋሽንት አስታወሰኝ። ዜማው የእኛ አይደለም፤ እስትንፋሱ ግን ያው የሰው እስትንፋስ ነው።

«ጎስት ላቭ ስኮር» አሥር ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ነው። መጀመሪያ ሰለቸኝ፤ መሐል ላይ ኦርኬስትራው ብቻውን ሲቀር ደግሞ ያለቀ መስሎኝ ተነሣሁ። ልጁ እጄን ያዘና «ቆይ» አለኝ። ቆየሁ። መዘምራኑ ከታች ጀምረው እየተደራረቡ ሲመጡ፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ሲነሣ ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። በዚህ ዕድሜዬ!

ሙሉ በሙሉ በፊንላንድ ቋንቋ የተዘፈነም አለ። ርእሱ «ሞት አርቲስት ያደርጋል» እንደማለት ነው። ከባዱ ጊታር ወደ ኋላ ይልና ታርያ በአገሯ ቋንቋ ለስለስ አድርጋ ታንጎራጉረዋለች። አንድም ቃል አይገባኝም። ግን ሙሾ የሰማ ጆሮ ሐዘንን ያለ አስተርጓሚ ያውቃል።

አሁን ይህን ሁሉ ወዳስጻፈኝ ዘፈን ልምጣ። የአልበሙ መዝጊያ ነው፤ «ሃየር ዛን ሆፕ» ይባላል፤ «ከተስፋ በላይ» እንበለው። የተደረሰው በካንሰር ታሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ለሞተ የቡድኑ ወዳጅ መታሰቢያ ነው። በዘፈኑ መካከል ሙዚቃው ጋብ ሲል የአንድ ሰው የንግግር ድምፅ ይሰማል። ልጁ ማዳመጫውን አውጥቶ «ይሄ የሟቹ የራሱ ድምፅ ነው፤ እሱ ራሱ ነው የሚናገረው» አለኝ።

ዝም አልኩ። የልጁ አባት፣ ልጄ፣ የሞተው በአንጀት ካንሰር ነው።

ስምንት ዓመት ሆነው። ልጁ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እንደ አገራችን ልማድ ምንም አልነገርነውም። አባትህ ሥራ ሄዷል አልነው፤ ቀጥሎ ትንሽ አሞት ሐኪም ቤት ነው አልነው፤ በመጨረሻ «አክስትህ ጋ ዕረፍትህን አሳልፍ» ብለን ወደ ናዝሬት ሰደድነው። ያመጣነው ከቀብሩ በኋላ ነው። ድንኳኑን አይቶ ነው ያወቀው። ይህን ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ በሕሙማን አልጋ ዳር የቆምኩ፣ ልጆች ካልተነገራቸው ራሳቸውን ጥፋተኛ እንደሚያደርጉ በሥልጠናም በሥራም የማውቅ ሴት፣ በራሴ ቤት እንደማንም ሰው ሆንኩ።

«እኔም የአባዬ ድምፅ አለኝ» አለኝ ልጁ።

ተነሥቶ ከመሳቢያው አሮጌ ስልክ አወጣ። ስክሪኑ ተሰንጥቋል። ስምንት ዓመት ሙሉ እየሞላ እንዳይጠፋ ሲጠብቀው እንደኖረ ያወቅሁት ያን ማታ ነው። ናዝሬት ሳለ አባቱ በአክስቱ ስልክ የላከለት የድምፅ መልእክት ነው፤ ስልኩን በኋላ ለምኖ ወስዶታል። አንድ ደቂቃ አትሞላም። ልጄ ትንፋሽ እያጠረው፣ እየሳቀ ለመምሰል እየሞከረ፣ አክስትህን አታስቸግር፣ መጽሐፍህን አንብብ፣ ቶሎ እመጣለሁ ይላል።

ቶሎ እመጣለሁ።

«እምዬ፣ አባዬ ያውቅ ነበር?»

ስምንት ዓመት የጠበቀ ጥያቄ ነው። ሲጠይቀኝ አላየኝም፤ ስልኩን ነበር የሚያየው። ብዙ ዘመድ ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ ለብዙ ሰው መርዶ ነግሬያለሁ፤ እንዲህ አፌ የታሰረበት ጊዜ ግን አልነበረም። ከዚያ እውነቱን ነገርኩት። ለአባትህም አልነገርነውም አልኩት። ሐኪሙ ሊነግረው ፈልጎ ነበር፤ ቤተሰቡ ተሰብስቦ «ተስፋ ይቆርጣል» ብሎ ከለከለ፤ እኔም ከከልካዮቹ አንዷ ነበርኩ። አንድ ሌሊት ግን ብቻችንን ሆነን ሳለ «እማ፣ አልድንም አይደል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር።

«ምን አልሺው?»

«አንሶላውን ቀየርኩለት» አልኩት።

ልጁ ምንም አላለም። ጥቂት ቆይቶ ራሱን ትከሻዬ ላይ ጣለው። ከእኔ በአንድ ክንድ ይረዝማል፤ ጎንበስ ብሎ ነው። ሁለታችንም አለቀስን፤ ድንኳን ውስጥ እንደምናለቅሰው ደረት እየተመታ ሳይሆን ዝም ብለን። ከዚያ ሳልጠይቀው ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀመረልኝ።

ስለ አባቱ ከዚያ ማታ በፊት በወር አንዴም አናነሣም ነበር። አሁን እናነሣለን። ምን ይወድ እንደነበር፣ እንዴት እንደታመመ፣ መጀመሪያ ያየነው ምልክት ምን እንደነበር። ይህን የመጨረሻውን እንደ ነርስም ነው የምነግረው፤ አባቱ በወጣትነቱ በዚህ በሽታ ስለሞተ ልጁ ካደገ በኋላ ቀደም ብሎ መመርመር እንዳለበት ማወቅ አለበት። ሳንነግረው ብንቀር ኖሮ ይህንንም አያውቅም ነበር።

ቡድኑ ከዚያ አልበም በኋላ ብዙ ተንከራቷል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2005 ሄልሲንኪ ላይ ትልቅ ዝግጅት ባቀረቡ ማግሥት ታርያን በደብዳቤ አሰናበቷት፤ ደብዳቤውንም ለሕዝብ አወጡት። አብሮ የበላ ሰው በደብዳቤ ሲሸኝ አልወድም፤ ለልጁም ነግሬዋለሁ፤ እርሱ የሙዚቀኞቹ ጠበቃ ስለሆነ ተከራከረኝ። ከበሮ መቺው ዩካ ኔቫላይነን በ2014 እንቅልፍ አጥቶ ከመምታት አቆመ፤ የእንቅልፍ እጦትን ቀልድ ለምታደርጉ አንባቢዎቼ ነው ይህን የማነሣው። አሁን የምትዘፍነው ሆላንዳዊቷ ፍሎር ያንሰን ናት። በ2022 የጡት ካንሰር እንዳለባት ራሷ ለሕዝብ ተናግራ፣ ቀዶ ሕክምና አድርጋ፣ ወደ መድረክ ተመልሳለች። ስለዚያ ዜና ልጁ ሲነግረኝ «እሷ ለዓለም ሁሉ ነገረች» አለኝ። ወደ እኔ እያየ ነበር ያለው። ገብቶኛል።

የድምፅ መልእክቱን እህቴ ልጅ ወደ አዲስ ስልክና ወደ ሌላም ቦታ ገልብጦልናል፤ እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ካላችሁ በአንድ አሮጌ ስልክ ላይ አትተዉት።

የፊታችን ቅዳሜ የልጄ ሙት ዓመት ነው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን፤ ከሰዓት ዘመድ ጠላ ጠጥቶ ሲበተን «ጎስት ላቭ ስኮር»ን በትልቁ ድምፅ ማጉያ ልንሰማው ከልጁ ጋር ተቀጣጥረናል። መጠኑን የምቆጣጠረው እኔ ነኝ።