መድኃኒትም በመጠኑ ነው

ድሬዳዋ ከጅቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ከደረሰባት ጊዜ ጀምሮ የንግድ በር ሆና የኖረች ከተማ ናት። ይሁን እንጂ ባቡር ከመጣ በኋላም፥ በዙሪያዋ ባለው ቆላ ለሚኖረው አርብቶ አደር ወተቱም ጭነቱም ሀብቱም ግመል መሆኑ አልቀረም። ስለዚህ ግመል ሲታመም የሚጐዳው እንስሳው ብቻ ሳይሆን የባለቤቱ ቤተ ሰብ ጭምር ነው።

ከግመል በሽታዎች እጅግ ከከፉት አንዱ ሱራ የሚባለው ነው። ይህን በሽታ የሚያመጣው በደም ውስጥ የሚኖር ትሪፓኖሶማ የተባለ ረቂቅ ተባይ ሲሆን፥ በ1880 በህንድ አገር ያገኙት ግሪፊዝ ኢቫንስ የተባሉት የብሪታንያ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ተባዩን ከግመል ወደ ግመል የሚያዛምቱት ደም የሚመጡ ዝንቦች ናቸው። በምዕራብና በደቡብ አገራችን ከብት የሚፈጀው ገንዲም የዚሁ ዘመድ ነው።

የኬሚስትሪ ሊቃውንት ለዚህ ወገን በሽታ ያገኙት መድኃኒት አሠራሩ የሚያስደንቅ ነው። ሕይወት ባለው ፍጥረት ሁሉ ውስጥ ዲ ኤን ኤ የሚባል፥ እንደ ተጠማዘዘ መሰላል ያለ የዘር መጽሐፍ ይገኛል። ዲሚናዚን የተባለው መድኃኒት በመሰላሉ ጠባብ ቦይ ገብቶ ይጣበቃል፤ ሆሚዲየም የተባለው ደግሞ በደረጃዎቹ መካከል ይሰካል። ቅጠሎቹ በሰም የተጣበቁበትን ብራና ጸሐፊ ሊገለብጠው እንደማይችል፥ ተባዩም የገዛ መጽሐፉን መገልበጥ ተስኖት ይሞታል።

ነገር ግን ይህ መጽሐፍ በበሽተኛውም ሰውነት ውስጥ ስላለ፥ ተባዩን ለይቶ የሚመታ መድኃኒት ማግኘት ብርቱ ድካም ይጠይቃል። ለከብት የሚበጀው ዲሚናዚን ግመልን ይጐዳል። በአሜሪካ አገር ዴቪድ ቦይኪን የተባሉት የኬሚስትሪ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር የደከሙበት፥ ለሰው የእንቅልፍ በሽታ የታሰበው ፓፉራሚዲንም ብዙ ተስፋ ከተጣለበት በኋላ፥ ኩላሊትን የሚጐዳ ሆኖ ስለተገኘ በ2008 ሥራው ቆመ። ይህም የሊቃውንቱን ድካም ከንቱ አያሰኘውም፤ ጉዳቱን መርምሮ ማቆም ራሱ የዕውቀት ፍሬ ነውና።

መጠኑ የበዛ መድኃኒት እንደሚገድል ሁሉ፥ መጠኑ ያነሰም ሌላ ክፋት ያመጣል። ያልሞተው ተባይ መድኃኒቱን ይለምዳል። በጊቤ ሸለቆ የሚገኘው የገንዲ ተባይ ከአንድ በላይ ለሆኑ መድኃኒቶች የማይበገር መሆኑ በ1993 ታትሞ በወጣ ጥናት ተገልጧል። ዛሬ የሚባክነው መድኃኒት ነገ የማይገኝ ነው።

ስለዚህ ባለሥልጣኖች የእንስሳት መድኃኒት እንደ ተራ ሸቀጥ በገበያ እንዳይሸጥ፥ ሐኪምም የእንስሳውን ክብደት ሳይገምት እንዳይወጋ መጠበቅ ይገባቸዋል። በሐረማያና በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲዎች ለሚደክሙት የእንስሳት ሕክምናና የኬሚስትሪ ተማሪዎችም የምርመራ መሣሪያ ሊጓደልባቸው አይገባም። ሕዝብ የሚሰማቸው ካህናትና ሽማግሌዎች ደግሞ፥ መድኃኒትን ያለ መጠን መስጠት በጎ አድራጎት አለመሆኑን ቢያስተምሩ ታላቅ ረድኤት ነው። የአርብቶ አደሩን ግመል የጠበቀ፥ ቤቱንም ጠበቀለት።